በዘንዶው ዓይን ሲታይ

በየቤተሰቡ መጽሐፉን የማይጨርስ አንድ ደራሲ አለ። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ፣ ሰውየው ገና የመጀመሪያውን ምዕራፍ አላነበበላቸውም ማለት ነው።

የእኛ የእህቴ ባል ነው። ይቅርታ፣ ናቸው፤ ክቡር ደራሲ። እንጀራቸው መኪና መንዳት ማስተማር ሲሆን ልባቸው ያለው ግን ዘንዶ በከበባት አንዲት ከተማ ውስጥ ነው። ጦርነቱ በየምዕራፉ በሌላ አፍ ይተረካል። ንግሥቲቱ ትጀምራለች፣ አንጥረኛው ይቀበላታል፣ ከዚያ ዘንዶው ራሱ «እኔ» ብሎ ይነሣል። አንድ ጊዜ በቅሎ ሳትቀር ተርካለች።

«ዋናው ነገር ማን ነው የሚያየው!» ይላሉ፣ ጠዋትም ማታም። አንዲት ተማሪያቸው ወደ ኋላ ስትነዳ አጥር ገጭታ ብታለቅስ፣ «አይዞሽ፤ እስቲ በአጥሩ ዓይን እዪው፣ ዝም ብሎ እኮ ነው የቆመው» ብለው አጽናኗት። ሴትዮዋ ባሰባት። እህቴ ሽንኩርት አሳርራ ስትበሳጭም ነገሩን ከድስቱ ወገን ሊያስረዱ ሞክረው፣ ያን ምሽት ዳቦ በሻይ በልተው አደሩ።

እኔ ደግሞ ጋዜጣ ላይ በሰው እየቀለድኩ የምኖር ነኝ። እህቴ «ተነሥና እንግዳ ሸኝ» ስትለኝ «እኔ ምን ቤት ነኝ፣ ተመልካች ነኝ» የምል ዓይነት። አንድ እሁድ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ክቡር ደራሲ የዘንዶውን ምዕራፍ አምጥተው፣ «አንተ አንብብልን፣ ድምፅህ ያምራል» አሉኝ። አነበብኩ፤ ግን ዘንዶውን ጉንፋን አስያዝኩት። «እንቁላሌን ሰበሩት» ብሎ የሚያለቅስበትን ቦታ በአፍንጫዬ ሳነበንበው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ጠርዙን አስተካከሉና ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።

«እዚያች ቦታ ላይ እኮ ሲጽፍ አልቅሷል» አለችኝ እህቴ፣ ብርጭቆ እያጠበች። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ከዚያ በኋላ ማንበብ ተዉ። እሁዶቻችን ጭር አሉ፤ ለካ የምንሰበሰበው ለእሳቸው ኖሯል። ከሰነበቱ በኋላ ግን አንድ ምዕራፍ እጄ ላይ አኖሩና «ይቺን ለብቻህ» አሉኝ።

ተራኪው የግንብ ዘበኛ ነው። ከላይ ሆኖ የንጉሡን አሯሯጥና የአንጥረኛውን ቦርጭ እያነሣ ያስቃል። በጣም ያስቃል። የከተማው ሰዎች ከታች «ውረድና በሩን ደግፍ» ብለው ሲጮኹለት ግን ይመልሳል፦ «እኔ ምን ቤት ነኝ፣ ተመልካች ነኝ።»

ፊቴ ጋለ። ሰድበውኝ ቢሆን በተሻለኝ። እሳቸው ግን ዘበኛውን ወደውታል፤ ብርድ እንዳይመታው ካፖርት ሳይቀር አልብሰውታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ መጨረሻው ምንድን ነው?» አልኳቸው፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው።

«እንጃ። አንዳንዴ የሚወርድ ይመስለኛል። አንተ ምን ትላለህ?»

«ያን የዘንዶውን ምዕራፍ ይስጡኝ እስቲ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው እሁድ፣ እነዚያው እንግዶች በተቀመጡበት፣ እንደገና አነበብኩት። ጉንፋኑ ድኖ ነበር። እንቁላሉ ጋ ስደርስ ግን ድምፄ እምቢ አለኝ፤ የቀረውን ክቡር ደራሲ ተቀብለው አነበቡልኝ።