ሲሞቅዎት ይንገሩኝ

እኛ ዘንድ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል አስቦ አይመልስም። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በቃሬዛ የሚሄደውም ደህና ነው። አንድ ጎረቤት ነበረን፣ ነፍሱን ይማረው። ሊሞት ሲያጣጥር ጠያቂ መጥቶ እንዴት ነህ ቢለው «ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ብሎ ነው ዐይኑን የከደነ። ጠያቂውም ደህና ነው ብሎ ለመንደሩ አወራ። ለቅሶው ሲሰማ ሁላችንም ተገረምን።

እኔንም ጉልበቴን ያስጠበሰኝ ይኸው ቃል ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሳሰግር ኖርሁ። የደንገል ታንኳ ውኃ ያስገባል። አንተ ትቀዝፋለህ፣ ጉልበትህ ይርሳል። በወጣትነትህ ሐይቁ ምንም አይልህም። ታግሦ ይቆይና ስታረጅ ይመጣል። የኔም ጉልበት ሌሊት ሌሊት እንደ ደረቅ ደንገል ይንቋቋ ጀመር።

በሌላው ቀን ባይታዘዘኝ ግድ አልነበረኝም። ስቅለት ዕለት ግን ጉልበት ይፈለጋል። ቀኑ ሙሉ ስግደት ነው። እኔና መሪጌታ ጥበቡ ደግሞ ከጎልማሳነታችን ጀምሮ ጎን ለጎን ነው የምንሰግድ። መሪጌታ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። በዜማ አልደርስባቸውም። በስግደት ግን እኩል ነን። እሳቸው ሳያርፉ እኔ አላርፍም። እኔ ሳላርፍ እሳቸው አያርፉም። አፍ አውጥቶ የተናገረው የለም እንጂ ውድድር ነው። ለእግዚአብሔር ነው እንላለን። እግዚአብሔርም ያውቃል፤ ዝም ይላል።

አምና ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ገና ቀትር ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። ስግደታቸውንም አፈጠኑ። ጉልበቱስ ይታመም፣ ያች ማፍጠን ናት ዓመቱን ሙሉ ያመመችኝ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ማልሁ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም አልሁ።

ምራቴ ሰብለ የቢሮ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ገጠር እየወጣች ጎጂ ልማድ ይቅር ብሎ ማስተማር ነው። ደግ ልጅ ናት፤ አፏ ብቻ አያርፍም። አንድ ቀን እግሬን ስታጥበኝ ጉልበቴ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አየች። ልጅ ሳለሁ ቁርጥማት ይዞኝ አባቴ ሐሙሲት ወስዶ በጋለ ብረት አስተኩሶኝ ነበር። አባቴ ያን ዕለት የመከረኝ አንዲት ምክር ናት። ወንድ ልጅ ሲተኮስ ጥርሱን ይነክሳል እንጂ አይተነፍስም አለኝ። አልተነፈስሁም። ስሜ በመንደሩ ተነሣ። ቁርጥማቱ ግን የኔን ጀግንነት አልሰማም መሰል፣ አልወጣም።

ሰብለ ይህን ስነግራት ዕንባዋ መጣ። ሰውን ያህል ነገር በእሳት! አረመኔነት ነው እኮ አባባ! እያለች እግሬን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

በሳምንቱ በባጃጅ ጭና ሹም አቦ ሰፈር ወሰደችኝ። ለምን ብትሉ፣ በእሳት ልታስተኩሰኝ።

እሷ እንኳ መተኮስ አይደለም ነው የምትል። የቻይና ሕክምና ነው። ዋለልኝ የሚባል ልጅ ቻይና ድረስ ሄዶ ተምሮት መጥቷል። ነጭ ጋውን ለብሷል፤ ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ታዲያ ከሐሙሲቱ በምን ይለያል ብዬ ጠየቅኋት። ያኛው ያቃጥላል፣ ይኼኛው ገላ ሳይነካ ከላይ ሆኖ ያሞቃል አለችኝ። ይሁን አልሁ። ጋውን የለበሰ እሳት አይቼ አላውቅም ነበርና ጓጓሁ።

ዋለልኝ እንደ ጧፍ የተጠቀለለ፣ ወፈር ያለ ነገር አወጣ። ጫፉን ለኮሰና እፍ እፍ አለው። ጢሱ ገና አፍንጫዬ ሲደርስ አወቅሁት። ጭቁኝ! ጉንፋን ሲይዘን አፍንጫችን ውስጥ የምንወትፈው የአጥር ሥር ጭቁኝ! ሰብለ ግቢ አሳምራለሁ ብላ፣ አረም ነው ብላ ከሥሩ ነቅላ የጣለችው! ልጁን ብጠይቀው ሳቀና የኛው ጭቁኝ ዘመድ ነው አለኝ። እንግዲህ አንዱ ዘመድ ቻይና ሄዶ ሐኪም ሆነ፤ ሌላው አጥር ሥር ቀርቶ ተነቀለ። ሰውስ ቢሆን ሌላ ነው? ዞር ብዬ ሰብለን አየኋት። ኮርኒሱን ታያለች።

«አባቴ፣ ሲሞቅዎት ይንገሩኝ» አለ ዋለልኝ።

ልብ በሉ። ሕክምናው ይህ ነው። ሞቀኝ ስትል እሳቱን ከፍ አድርጎ ከገላህ ያርቅልሃል። ከበሽተኛው የሚፈለግ አንድ ቃል ነው።

በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ስንት ዘመን ጉልበቴ ውስጥ የተኛው ጣና እየወጣ የሚሄድ መሰለኝ። ሞቀኝ ማለት ያኔ ነበር። «እንዴት ነው አባቴ?» አለ። «ደህና ነው» አልሁ። የዓሣ አስጋሪ ቆዳ ወፍራም ነው ብሎ ይሆናል፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ጉልበቴ አስጠጋው። «አሁንስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» አሁንም ዝቅ። ሰብለ አጠገቤ ቆማለች። በምራት ፊት ተቃጠልሁ ይባላል? አባቴም ከመቃብር ቀና ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ። ጥርሴን ነከስሁ። ልጁን ላብ አጠመቀው። «እውነት አልሞቀዎትም?» ቢለኝ «ትንሽ ለብ ብሏል» አልሁት።

ለብ! በሁዳዴ የጥብስ ሽታ ሸተተን እኮ!

ሰብለ ጮኸች። ጉልበቴ ውኃ ቋጠረ። ዋለልኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ ለምን አልነገሩኝም፣ ለምን፣ ለምን ይላል። እኔ ደግሞ ደህና ነኝ፣ አይዞህ እያልሁ አጽናናዋለሁ። ቅባት ቀብቶ በነጭ ጨርቅ አሰረውና እስኪድን እንዳይንበረከኩ አለኝ። ለማንም አልተነፈስሁም። ዝም አይነቅዝም።

ስቅለት ደረሰ። ቁስሉ አልደረቀም። አንገቴን ደፍቼ ወደዚያ ድንጋይ ሄድሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? መሪጌታ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

«ደህና አደሩ፣ መሪጌታ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አያ ሞላ፣ ምነው ተቀመጥህ?»

«እንዲያው ነው። እርስዎስ?»

«እኔም እንዲያው።»

ከሐይቁ ነፋስ መጣና ጋቢያቸውን ገለበው። ነጭ ጨርቅ! ያው አስተሳሰር፣ ያው ጉልበት። እኔም ጋቢዬን ገለጥሁላቸው። አምና እኔ ስቀመጥ ባፈጠኗት ስግደት ነው ጉልበታቸው የሄደው ለካ። እንደነገሩኝ፣ ሞላ ሹም አቦ ይታከማል ሲሉ ሰምተው፣ ዘንድሮ እንዳልቀድማቸው ሰግተው እሳቸውም ተደብቀው ሄዱ።

«ልጁ ሲሞቅዎት ይንገሩኝ አላለዎትም?» አልኋቸው።

«ብሎኛል።»

«ምን አሉት?»

መቋሚያቸውን እያዩ «ደህና ነው አልሁት» አሉ።

በስቅለት አይሳቅም። ሁለታችንም ጋቢያችንን አፋችን ውስጥ ወተፍን። ስንት ዘመን ጎን ለጎን ሰግደን እንደዚያን ቀን ተዋደን አናውቅም። ከእንግዲህ ያመመንን እንናገራለን፣ ይህ ዝምታ የልጅነት ነው ተባባልን።

ወደ ማታ ቄሱ ወይራውን ይዘው ጀርባችንን ጠብጥበው ስግደት ሊያዙን ወደኛ መጡ። ወጣት ናቸው፤ ትሑት። ጎንበስ ብለው «አባቶቼ፣ ጉልበታችሁን ካመማችሁ ንገሩኝ። ስግደቱ ቀርቶ በጸሎት ይለፋችሁ» አሉን።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። እኔ መሪጌታን አየሁ። መሪጌታ እኔን አዩ።

«ደህና ነን!» አልን እኩል።

ቄሱ ተደስተው ስግደቱን አበዙልን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እውነት ነው። መሪጌታ ቀድመው ይናገሩና፣ እኔም እናገራለሁ።