ተቀምጦ የሚለካ ሱሪ

[ጠባብ የልብስ ሱቅ። ከጣሪያ እስከ ወለል ጂንስ ተሰቅሏል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ባዶ ሱሪዎቹ ሁሉ ዘፈን የሰሙ ይመስል ባንድነት ይወዛወዛሉ። ከመስታወቱ ፊት ቀስታ የሚሉት ሰው በርጩማ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተፈናጦ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የሌለ መሪ ጨብጧል። ከዳቦ ቤት እየጫነ ለየሱቁ በሞተር የሚያደርስ ሰው ነው፤ ቀስታ ያሉት ጠዋት ለጠየቁት ነገር ከሰዓት ስለሚመልስ ነው። አጠገቡ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ቆሟል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ፈላስፋው ይሉታል። ባለሱቋ ከጠረጴዛዋ ኋላ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ሁለቱንም ታያለች።]

ፈላስፋው፦ ተነስ ከዚያ።

ቀስታ፦ አልነሳም።

ፈላስፋው፦ ሱሪ ቆሞ ነው የሚለካው። ከአዳም ጀምሮ ቆሞ ነው የሚለካው።

ቀስታ፦ አዳም ሱሪ ነበረው እንዴ፣ ጋሼ?

ፈላስፋው፦ ስላልነበረው አይደል እንደዚያ የተሸማቀቀው። ተነስ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው።

ቀስታ፦ እኔ እኮ ቆሜ አልወድቅም። የምወድቀው ተቀምጬ ነው።

ፈላስፋው፦ ልትወድቅበት ነው እንዴ የምትገዛው?

ቀስታ፦ ላልወድቅበትማ የድሮው ይበቃኝ ነበር።

[ቀስታ የወደቀው በቅርቡ ነው። መታጠፊያው ላይ ሞተሯ ተንሸራተተችና ዳቦው አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ፣ እሱም ከዳቦው ጋር ተንከባለለ። ዳቦው ተራግፎ ተሸጠ፤ የቀስታ ጉልበት ግን ተላጠ። ሚስቱ ቁስሉን እያጠበች አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ ወይ እንደ ወንድሜ ለሞተር የተሠራ ሱሪ ለብሰህ ትመጣለህ፣ ወይ ሞተሯ ዛሬውኑ ለጎረቤታችን ትሸጣለች። ጎረቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ቆሞ ሞተሯን ሙሽራ እንደሚያይ ሰው ያያታል። ቀስታ ይህን ሲያስብ ሆዱ ባባ፤ ሆዱ ሲባባ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። የሌለውን መሪ እየጠመዘዘ ያንጎራጉራል።]

ቀስታ፦ ጉልበቴ ተላጠ፣ አስፋልቱ ላይ ቀረ፣
ልቤ ግን ካንቺ ጋር ተሳፍሮ በረረ።

ፈላስፋው፦ ለእህቴ ነው የምትዘፍነው?

ቀስታ፦ ለሞተሯ ነው።

ፈላስፋው፦ ለእህቴስ ዘፍነህላት ታውቃለህ?

ቀስታ፦ እሷማ ራሷ ትዘፍናለች። ሞተሯ ናት ድምጿ ተበላሽቶ ያለ አይዞሽ ባይ የቀረችው።

ፈላስፋው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እህቴ አደራ ያለችው እኔን ነው። ሱሪ የሚያውቀው እኔ ነኝ። ይኸው እይ፣ ይቺን የለበስኳትን። ስንት ዘመን ነድቼባታለሁ፤ አንድ ቀን ነካኝ፣ ቆረቆረኝ ብዬ አላውቅም። ሳሎን ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው ደልቶኝ የምነዳው።

ቀስታ፦ እሱንማ ሁሌ ታወራላታለች። እንደ ወንድሜ፣ እንደ ወንድሜ ትለኛለች።

ፈላስፋው፦ ታዲያ ስማኛ። (ከመስቀያ አንድ ሱሪ ያወርዳል) የዘመኑ ሱሪ ማለት ይኸውልህ።

ቀስታ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጉልበቱ ተቀዷል።

ፈላስፋው፦ ሆን ተብሎ ነው።

ቀስታ፦ ማን ነው ሆን ብሎ የወደቀው?

ፈላስፋው፦ ማንም አልወደቀም። ፋሽን ነው።

ቀስታ፦ ዋጋውስ?

ፈላስፋው፦ እ... ከዚህ ቤት የሚበልጠው የለም።

ቀስታ፦ እንዴት ነው ነገሩ? ከእኔ በፊት ወድቆ የመጣ ሱሪ እንደዚህ ከተወደደ እኔም እኮ ተቀድጃለሁ፤ ማንም ዋጋ አልጨመረልኝም።

ፈላስፋው፦ አንተ ስትቀደድ አያምርብህም።

ቀስታ፦ አቅማችንን ደግሞ ታውቃለህ። ለቀዳዳ የምንከፍለው ትርፍ የለንም።

[ባለሱቋ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ሱሪ አውጥታ ትዘረጋለች። ቀለሙ አረንጓዴም ቡናማም አይደለም፤ ሁለቱ ተጣልተው መሐል ሜዳ የጣሉት ዓይነት ነው። ፈላጊ አጥቶ ስለከረመ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ከቀስታ ኪስ ደርሷል። ቀስታ ከበርጩማው ሳይወርድ ይቀበላትና ሱሪውን ይገለብጠዋል። ከውስጥ፣ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ፣ ቢጫ ወፍራም ጨርቅ ተሰፍቶበታል።]

ፈላስፋው፦ ይሄን ቀለም ለብሰህ አጠገቤ አትቁም።

ቀስታ፦ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ውስጡ ነኝ። የሚያዩት ሌሎች ናቸው። ይሄ ቢጫ ጨርቅ ግን ምንድን ነው?

ፈላስፋው፦ የብርድ ነው።

ቀስታ፦ የብርድ ከሆነ ባቱ ጋ ለምን የለም?

ፈላስፋው፦ ብርድ የሚገባው በጉልበት ነው። አሮጊቶችን ጠይቅ።

ቀስታ፦ ዳሌው ጋስ?

ፈላስፋው፦ በጉልበት ገብቶ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል? ወደ ላይ ነው የሚወጣው።

[ባለሱቋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትሰቅላለች። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ በመዳፏ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ደጋግማ ትፈትገዋለች፤ ጨርቁን አንስታም ለቀስታ ታሳየዋለች። አልተነካም።]

ቀስታ፦ አሃ። አስፋልት ማለቷ ነው። ሰውዬው ሲንሸራተት ከላይ ያለው ጂንስ ያልቃል፣ ይሄኛው ግን ቆዳውን ያተርፍለታል ማለቷ ነው።

ፈላስፋው፦ ሴትየዋ ጠረጴዛ እየወለወለች ነው።

ቀስታ፦ ስፌቱንም እየው፤ ሁለት ጊዜ ነው የተሄደበት። የዳቦ ጆንያም እኮ መሐሉ አይቀደድም፣ የሚከዳን ሁልጊዜ በስፌቱ ነው። ቆይ ልልበሰው።

[መጋረጃው ኋላ ገብቶ ይወጣል። ሲቆም ሱሪው ጫማውን ሸፍኖ ወለሉ ላይ ተኝቷል።]

ፈላስፋው፦ ምነው፣ ሥራ ቀየርክ እንዴ? መንገድ ልትጠርግ ነው? ጉልበቱ ጋ ያበጠውም ነገር ቁልቁል ወርዶ ቅልጥምህ ላይ ተለጥፏል። በል አውልቅ፣ ይቆረጥልህ።

ቀስታ፦ ቆይ እስቲ ልንዳው።

ፈላስፋው፦ ሱሪ አይነዳም።

[ቀስታ በርጩማው ላይ ይፈናጠጣል፤ በአፉም ሞተር ያስነሳል። እግሩ ሲታጠፍ ሱሪው ሽቅብ ተሰበሰበ። ጫፉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መጥቶ ቆመ፣ ያ ቁልቁል ወርዶ የነበረውም ነገር ልክ ጉልበቱ አናት ላይ ቁጭ አለ። ቀስታ በደስታ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ።]

ቀስታ፦ ጋሼ፣ እየው። ቆሜ የረዘመው ስቀመጥ ልኬ ሆነ። ብናስቆርጠው ኖሮ መንገድ ላይ ቁምጣ ይሆንብኝ ነበር።

ፈላስፋው፦ (ጎንበስ ብሎ የቀስታን ጉልበት እየጫነ) ይሄ ውስጡ ያለው ትራስ ነው አይደል?

ቀስታ፦ በኪስ ነው የገባው። ሲታጠብ ይወጣል መሰለኝ።

ፈላስፋው፦ (ቀና ብሎ፣ አዝኖ) አሁንም ተሳስተዋል። እነዚህ ሰዎች መቼም አይማሩም።

ቀስታ፦ ምኑ ላይ ተሳሳቱ?

ፈላስፋው፦ አንተ ዝም ብለህ መልስልኝ። ሰው ትራስ የሚያደርገው ለሚያመው ቦታ ነው?

ቀስታ፦ ነው።

ፈላስፋው፦ ሞተር ላይ ቀኑን ሙሉ ፍዳውን የሚያየው የትኛው አካልህ ነው?

ቀስታ፦ (ቆይቶ፣ አስቦ) መቀመጫዬ።

ፈላስፋው፦ ታዲያ ትራሱ ጉልበትህ ላይ ምን ይሠራል? ልትሰግድ ነው የምትሄደው? የእኔም ስገዛው እንደዚሁ ተሳስተው ጉልበቱ ላይ ከተውት ነበር። እኔ ደግሞ ጅል አይደለሁም። አወጣሁና አቃናሁት።

ቀስታ፦ የት ነው ያቃናኸው?

ፈላስፋው፦ ከኋላ ነዋ። ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት።

[ባለሱቋ ፊቷን በአንድ ሸሚዝ ትሸፍናለች፤ ሸሚዙ ይንቀጠቀጣል። ቀስታ ለወትሮው ነገር የሚገባው ዞሮ ዞሮ ነው፣ ይሄኛው ግን ቀጥ ብሎ ገባው። ጎንበስ ብሎ የፈላስፋውን ጉልበት በጣቱ ነካ አደረገ። ልሙጥ ጨርቅ ነው፣ ከሥሩም አጥንት። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ "እንደ ወንድሜ"፣ አንድ ጊዜ እንኳን አለመውደቅ ብቻ ነበር። ቀስታ ሊስቅ ፈለገ፣ ግን አማቹ አሳዘነው።]

ቀስታ፦ ጋሼ፣ አንተ ወድቀህ ታውቃለህ?

ፈላስፋው፦ በጭራሽ።

ቀስታ፦ እሰይ። እንዳትወድቅ።

ፈላስፋው፦ ለምን?

ቀስታ፦ ከወደቅህ ቁጭ ብለህ ውደቅ።

[ፈላስፋው የመጀመሪያውን ሳቅ ከሸሚዙ ኋላ ሰማ፤ ወደ መስታወቱ ዞረ፣ ጉልበቱን አየ፣ ከዚያ ኋላውን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ። በዚህ መሐል የቀስታ ስልክ ይጮኻል።]

ቀስታ፦ እሷ ናት።

ፈላስፋው፦ እንዳትነግራት።

ቀስታ፦ ሄሎ፣ የኔ እመቤት... አዎ ሱቁ ውስጥ ነን... አግኝተናል፣ ዋጋውም አልጎዳንም... ምን? ልክ እንደ ወንድምሽ ነው ወይ?

ፈላስፋው፦ (በሹክሹክታ) ነው በላት።

ቀስታ፦ እ... እንደሱ እንኳን አይደለም።

ፈላስፋው፦ (ግንባሩን ይዞ) አንተ ሰውዬ።

ቀስታ፦ ኧረ ቆይ፣ ጎረቤቱን አትጥሪ። ቆይ፣ ከበረንዳው አታውርጂው... ገብቶ ኮርቻዋ ላይ ተቀመጠ? ውረድ በይው። በእናትሽ ውረድ በይው።

[ቀስታ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። የሚያውቀው መለመኛ አንድ ነው፤ እሱኑ አወጣ።]

ቀስታ፦ ካንቺ ጋር ስበር ነው ጎዳናው የሚያጥር፣
ሳልጠግብሽ አትሂጂ ለጎረቤት አጥር።

ፈላስፋው፦ አሁን ይሄ ግጥም ለማናቸው ነው?

ቀስታ፦ (በሹክሹክታ) ሁለቱም ለየራሳቸው ይውሰዱት። (ወደ ስልኩ) ስሚኝ። ሱሪው እንደ ጋሼ ነው፣ ቁርጥ እሱን ነው። ትራሱ ብቻ ትንሽ ዝቅ ይላል... ከየት? ከጋሼ ትራስ ነዋ... ጉልበቴ ላይ ነው የኔ... የጋሼ? የጋሼማ...

ፈላስፋው፦ ስልኩ ተበላሸ በላት።

ቀስታ፦ ስልኩ ተበላሸ በላት ይላል። ... አይ፣ ጉልበቱ ላይ ምንም የለም። ነካሁት እኮ... ከኋላ ነው ያደረገው። ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ... ራሱ ነው የሰፋው፣ ስፌቱስ ያምራል።

[ከስልኩ ሳቅ ይሰማል። ሳቁ እየጨመረ ሄዶ ባለሱቋንም ያዛት፤ ሁለት ሴቶች ሳይተያዩ ባንድ ድምፅ ይስቃሉ። ቀስታም ተሸነፈ። ሳያስበው ከበርጩማው ጋር ይንገጫገጫል። ብቻውን ያልሳቀው ፈላስፋው ነው፤ እሱም ከንፈሩ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ያስቸግረዋል።]

ቀስታ፦ እሺ... እሺ የኔ እመቤት... ጎረቤቱ ወረደ? ተመስገን... የተቀመጠበትን ጥረጊልኝ። ምን አልሽ? ... እሱን አልነግረውም፣ ታላቄ ነው... እሺ፣ ካልሽ እነግረዋለሁ። (ስልኩን ይዘጋል)

ፈላስፋው፦ ምን አለች?

ቀስታ፦ ሞተሬን ለቃልኛለች። ይቺ ሱሪ ዛሬውኑ ቤት ትግባ ብላለች።

ፈላስፋው፦ ደግ። ሌላስ?

ቀስታ፦ ሌላ እንኳን ስላንተ ነው። ስንመጣ በሞተርህ አንተ ነድተህ እኔ ከኋላ ነበርኩ አይደል? ስንመለስ እኔ እንድነዳ፣ ጋሼ ደግሞ ጉልበቱ እስኪሸፈን መሪ እንዳይጨብጥ ብላለች።

ፈላስፋው፦ እኔ? በገዛ ሞተሬ? ከኋላ?

ቀስታ፦ (ቁልፉን ከእጁ በክብር እየተቀበለ) አይክፋህ ጋሼ። ለዚያ ቦታ ካንተ የበለጠ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው የለም።