የወረቀት ፊኛው ጠባቂ

ትናንት በምሳ ሰዓት ሕልም አየሁ። መምህርት ውብርስት ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ከስስ ባለቀለም ወረቀት በሞቀ አየር የሚነሣ ትልቅ ፊኛ ሠርተው፣ «ምንተስኖት፣ ሙጫው እስኪደርቅ ነፋስ እንዳይወስደው ጠብቅልን» ብለውኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝና እሺ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የእጃቸውን ሥራ ሳደንቅ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ ወረቀት ይከብዳል፣ ዴስክ ይንሳፈፋል። ፊኛውን አራት ወዛደሮች እያቃሰቱ ወደ ክፍል አስገቡት። ዴስኮቹ እንዳይበሩ እንደ በግ በገመድ ታስረዋል። ርዕሰ መምህሩ በቁምጣ መጥተው «ደብተሬን ረሳሁ» እያሉ ያለቅሳሉ። የምታስተምረው የሦስተኛ ክፍሏ ሩሐማ ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ገና አልበቀሉም።

መምህርት ውብርስት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጣቶቿ ሙጫ በሙጫ ሆነው ፊት ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። ተማሪ ስለሆነች አንቺ ማለት ይቻላል።

«ፊኛው ካልተነሣ ውብርስት ክፍል ትደግማለች» አለች ሩሐማ። «ምን ያነሣዋል?»

«እሳት!» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ቁጭ በል! እዚህ እሳት ይበርዳል። የሚያሞቀው ሰው በሆዱ ይዞ ያልተናገረው ቃል ነው።»

ተማሪ ሆነው የተቀመጡት መምህራን ተራ በተራ በፊኛው አፍ ንግግር አደረጉ። ፊኛው ንቅንቅ አላለም። ያላቸውን ቃል ሁሉ በስብሰባ ጨርሰውታል።

ሩሐማ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ምንተስኖት፣ አንተ ከሰላምታ ሌላ ተናግረህ አታውቅም። ና!»

ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመርኩ። ግን ውብርስት ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ወደ ፊኛው አስጠጋሁ።

«ውብርስት፣ አንቺ የነካሽው ወረቀት እኮ...»

ፊኛው ተነፋ። ቀዩ፣ ሐምራዊው፣ ሰማያዊው አንድ ላይ በራ። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም። ጣሪያው «ይለፉ» ብሎ ወደ ጎን ቆመ።

«ጨርሰው!» ብለው ሁሉም ጮኹ።

«ውብርስት፣ እኔ አንቺን...»

ነቃሁ። ጉንጬ ፊኛው ላይ ተጣብቋል። ልጆቹ ከበውኛል። ሩሐማ ወረቀቱ እንዲላቀቅ በእርጥብ ጥጥ ጠርዝ ጠርዙን ታረጥባለች። መምህርት ውብርስት ጭንቅላቴን ደግፈው ይዘዋል።

«አደራህን ምንተስኖት፣ መንጋጋህን እንዳታንቀሳቅስ፣ ይቀደዳል።»

ቃሉ ግን አሁንም ምላሴ ላይ ነበር።

«ቲቸር፣ ሊናገር ነው!» ብላ ሩሐማ ጮኸች። «አፉን ይያዙት!»

መምህርት ውብርስት ሙጫ በነካው እጃቸው አፌን ግጥም አድርገው ያዙት።