ጥሩ ጆሮ ያለን ሰዎች

ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው አለመስማትን ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲስል ውሃ ላቀብለው ያሰኛል። ከላይ ያሉት ባልና ሚስት ተኳርፈው የሰነበቱ እንደሆነ ከማንም ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ደረጃ ላይ ስትገናኙ ግን «እንዴት ሰነበታችሁ» ብላችሁ ምንም እንዳልሰማ ሰው ታልፋላችሁ። ይህ ጨዋነት ነው። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ትልቅ የጉርብትና ጥበብ ነው፤ እኔም ዓለም ባንክ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ተክኜበታለሁ። አሁን ግን ይህን ጥበብ እፈራዋለሁ። ቤት ውስጥ ጸጥ ሲል ልቤ ይመታል።

የሚገርመው እኔ ጥሩ ጆሮ አላቸው ከሚባሉት አንዱ ነኝ። ማን አለ አትበሉኝ፤ ያልነው እኛው ነን። እኛ ማለት ሦስት ሰዎች ነን። ደስታ ዘነበወርቅ አካባቢ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መደብር አለው። ሄኖክ ባንክ ይሠራል፤ የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ላይ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው። እኔ ጡረታ የደረሰብኝ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ተሰብስበን ጃዝ እንሰማለን፤ በተለይም ሰው ጃዝ ነው ብሎ ሊቀበለው የማይፈልገውን ጃዝ። ፒያኖው በጣት ሳይሆን በክርን ይመታል፣ ከበሮው ከማንም ጋር አይስማማም፣ ሳክስፎኑ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀራንዮ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። እህቷን ስለምትወዳት ነው ብዬ ማመኑን መርጫለሁ።

ሕግ አለን። አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ሸክላውን ይዞ ይመጣል። አንደኛው ፊት እስኪያልቅ ማንም አይናገርም፣ ማንም አይነሳም፣ ስልክ ይዘጋል። ሲያልቅ ከወደድነው እናጨበጭባለን። ማን እንዲሰማን እንደምናጨበጭብ እግዜር ይወቅ፤ ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ሞተዋል። ከዚያ ሄኖክ ቴሌግራም ላይ ላሉት ወዳጆቻችን ግኝቱን ያበስራል። ጎረቤት ምን እንደሚለን ግን አናውቅም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ኋላ እንደሰማሁት ሕንጻው በሙሉ የሚያውቀን ቅዳሜ ቅዳሜ ጄኔሬተር የምንጠግን ሰዎች አድርጎ ነው። ኑሮ ተወዷል፣ ምን ያድርጉ፣ ብለው ችለውናል።

ነገሩ በሆነበት ቅዳሜ ሄኖክ ያመጣው እንደገና የታተመ ሸክላ ነበር። ሙዚቃውን ለዓመታት የምናውቀው ከቅጂ ከተቀዳ ቅጂ ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ግን በቃላችን ይዘነዋል። አሁን አሳታሚዎቹ ዋናውን ቴፕ አግኝተው አጽድተውታል። ሽፋኑ እንደሚለው ቀድሞ ያልተሰሙ ድምፆች ይሰማሉ፤ የተጫዋቹ ትንፋሽ፣ የወንበሩ ሲጢጥታ። እንደገና የታተመ ሸክላ የሚያሳድድ ሰው በሽታው ይኸው ነው፤ ሙዚቃውን ትቶ ከሙዚቃው ስር የተደበቀውን ይፈልጋል።

ሸክላው ዞረ። ሳክስፎኑ ብቻውን ሲያቃስት ቆየና ጸጥ ሊል ሲል ከሩቅ የብረት ምት መጣ። ቃ። ዝም አለና ደግሞ፣ ቃ፣ ቃ። ሄኖክ ጣቱን ቀሰረ። በድሮው ቅጂ ይህ ምት አልነበረም። ደስታ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይወዘውዛል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ የሸጠ ሰው መሆኑን አትርሱብኝ። ምቱ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም የቆመ ይመስልና እንደገና ይጀምራል። እንዲህ የሚያስፈራ ምት ሰምቼ አላውቅም፤ ፍርሃቱንም እንደ ጥበብ ቆጥሬ አጣጣምኩት። ፊቱ ሲያልቅ ብድግ ብለን አጨበጨብን።

ደስታ «እንዲህ የሚመታ ሰው ወይ ሊቅ ነው ወይ ሊሞት ነው» አለ።

ሄኖክ ወዲያው ስልኩን ከፍቶ ለወዳጆቻችን ጻፈ፤ የተሰወረው ምት ተገኝቷል፣ የድሮውን ቅጂ ጣሉት ብሎ። መልሱ ጎረፈ። ሸክላውን ያገኙት እነሱም ምቱን ሰምተው ኖሯል። አንዱማ በድሮው ቅጂም ጥንት ይሰማው እንደነበር ነገረን።

ያንን ቦታ ደግመን ልንሰማ መርፌውን መለስኩት። ሳክስፎኑ አቃሰተ፣ ጸጥ ሊል ደረሰ፤ ምት የለም። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ትንፋሹ አለ፣ የወንበሩ ሲጢጥታ አለ፣ ምት የለም። ሄኖክ ጥፋቱ የመርፌው ነው አለ፤ ደስታ የለም የአምፕሊፋየሩ ነው ብሎ ተከራከረው። እኔ ፈርቼ ነበር። ሸክላ ላይ የተቀረጸ ድምፅ ተነስቶ የሚሄድበት አገር የለም። እነሱ ሲጨቃጨቁ፣ ቅድም ምንም ባልነበረበት ሌላ ቦታ ላይ፣ ቃ አለ። መርፌውን አነሳሁት። ሙዚቃው ቆመ። ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል፣ ከቅድሙ ደከም ብሎ፣ እንደገና ቃ አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ነው ብዬ አላሰብኩም፤ በስመ አብ ብዬ ወደ መውጫው በር ነው ያየሁት። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከላይ እስከ ታች የሚወርደውን ቧንቧ በመዳፉ የያዘው ደስታ ነው። ምቱ እጁ ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከስር ነው» አለ።

ከስር ያለው ቤት የእማማ አስካለ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የጉልበቴን ሕመም ሳይጠይቁኝ አያልፉም። እየሮጥን ወረድን። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ጠራናቸው፣ ደበደብን፤ መልስ የለም። ምቱም ቆሟል። አሁን ያ ምት እንዲመለስ ብዬ ስንት ነገር ተሳልኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ፊት ለፊት የምትኖረው ሰናይት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

«ከምሳ ጀምሮ እንሰማ ነበር እኮ» አለች። «እናንተ መስላችሁን ነው።»

ሕንጻው በሙሉ ሰምቷል፤ ሕንጻው በሙሉ ጨዋ ነው። ቅዳሜ ባይሆን፣ እኛም ባንኖር፣ አንዱ ገና ቅድም ያንኳኳ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኛ ግን ባሕር ማዶ የሞተ ሰው ወንበር ሲንቀሳቀስ እንሰማለን።

ጎን ካለው ግንባታ ዲጂኖ መጣና በሩ ተፈለቀቀ። እማማ አስካለ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነበሩ። ከበርሜል ውሃ ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልብሳቸው ርሷል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ አጠገባቸው ቧንቧውን ሲመቱበት የተጨማደደ ጣሳ ወድቋል። ዓይናቸውን ገልጠው አዩንና መልሰው ጨፈኑ። ሆስፒታል እስክንደርስ እጃቸውን ይዤ ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔ ጆሮዬን አፋቸው ላይ ደፍቼ ትንፋሻቸውን እፈልጋለሁ። የሳክስፎን ነፊን ትንፋሽ ከነምራቁ የሚለይ ጆሮ የአንዲት ጎረቤት ትንፋሽ ጠፋው። ሞቱ ብዬ ስንቴ ደነገጥኩ መሰላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሰበሰብን። ሸክላ አልሰማንም ብላችሁ አታምኑኝም፤ ሰምተናል። ግን በየመሃሉ መርፌውን አነሳለሁ፣ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ሕንጻውን እናዳምጣለን። ከላይ ድም ድም ሲል ተያይዘን ወጣን። ዘነዘና የያዘች ወጣት ሴት ከፈተችልን፤ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች ነው። ደህና መሆንሽን ልናይ ነው አልናት። ሦስት ላብ በላብ የሆኑ ወንዶችን አየት አደረገችና በሩን ዘግታ ቆለፈች። አልፈርድባትም። ሄኖክም ቴሌግራም ላይ እውነቱን ጻፈ፤ ምቱ የሸክላው ሳይሆን የጎረቤታችን ነው ብሎ። አንድ ሁለቱ ጆሮ የለህም ብለው ተቆጡት።

በማግስቱ ብርቱካን ይዘን እማማ አስካለን ልንጠይቅ ሄድን። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆኖ ተርፈዋል። ተኝተውም የእኔን ጉልበት ጠየቁኝ። እናንተ ባትደርሱ ምን ይውጠኝ ነበር ብለው ሲመርቁን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላሁም። ደስታ አላስችል ብሎት መሃል ላይ ለምን ጥቂት ጊዜ መምታቱን እንዳቆሙ ጠየቃቸው። ደክሟቸው ይሆናል፣ ጥቂት አርፈው ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ነው።

«አይ ልጄ፣ አቅሙማ ነበረኝ» አሉ። «ከላይ እጃችሁን ስታጨበጭቡ ሰማኋችሁ። መልስ መስጠታችሁ ነው፣ ሰምተውኛል፣ እየመጡ ነው ብዬ ጣሳውን አስቀመጥኩት።»

ማናችንም የማናችንንም ፊት አላየንም። ይማርዎት ብለን ወጣን።