የዱርንፎንቴን ባሕር ኃይል

ከባሕር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጆሃንስበርግ የመጀመሪያውን ባሕር ኃይል ያቋቋመው የእኛ የዱርንፎንቴን ባለሱቆች ማኅበር ነው። የሚጠራጠር ካለ ቃለ ጉባኤው ማኅተም አለው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

በኮሮናው ሎክዳውን ሰሞን የእህት ኤርጎጌ የሱቅ ፐርሚት ማኅበሩ ቢሮ ደረሰ። እስከ ሐሙስ እሷ ወዳለችበት ኦሬንጅ ፋርም ካልገባ፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግበት የሰፈር ስፓዛ ሱቋ ይታሸጋል። አንዱ፣ "ለታክሲ ሹፌር እንስጠው" አለ። ሊቀመንበራችን ጋሽ አቢሶ፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ገሠጹት።

ጋሽ አቢሶ ቤት ተዘግቶባቸው ሳለ ስለ ጥንት ባሕር ኃይሎች ፊልም አይተው ኖሯል።

"ትልልቆቹ የጦር መርከቦች መድፋቸውን ታቅፈው ሲተኙ፣ መልእክት አድርሳ ጦሩን የምታድነው ትንሿ ባለሸራ መርከብ ናት። ደግሞም የሎክዳውኑን ደንብ አንብቡት፤ የግል መኪና እንጂ መርከብ አይከለክልም!" አሉ።

ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን አጨበጨብን። በማኅበሩ ባኪ፣ ኋላው ክፍት በሆነው ፒክአፕ መኪና ላይ ምሰሶ ተተከለ፤ ከዱቄት ጆንያ ሸራ ተሰፋ። ብቻ አዛዡ ከሆሳዕና ሲሾም ዱራሜ አኮረፈ፤ ዱራሜ ሲታከል ሶዶ። ለአንድነት ሲባል ሰባት አዛዥ ተሾመ፤ ሁሉም ወንበሩን ይዞ ተሳፈረ። መርከቧ ትንሽና ፈጣን መሆኗ በድምፅ ብልጫ ስለጸደቀ፣ ጠበበች ያለ አልነበረም።

ረቡዕ ኤርጎጌ ራሷ በታክሲ መጣች።

"ወረቀቴን ስጡኝና ልሂድ።"

"በመርከብ እንዲላክልሽ ተወስኗል፣ እህቴ" አሏት ጋሽ አቢሶ።

"እኔ እኮ ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ!"

"ውሳኔው ከመምጣትሽ በፊት ነው።"

"እሺ፣ እኔንም ጫኑኝ።"

"ለሲቪል ቦታ የለም።"

እንዳመጣጧ በታክሲ ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት መርከቧ ተንቀሳቀሰች። የመጀመሪያው ኬላ ላይ ወታደር አስቆማት።

"ባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"መርከብ።"

"ባሕሩስ?"

"በሁለተኛው ምዕራፍ ዕቅዳችን ተካቷል" አሉ ጋሽ አቢሶ።

ወታደሩ ማስኩ እስኪወርድ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ሰባቱንም አዛዦች ከነወረቀቱ ወስዶ አሰረ።

ቅዳሜ ተፈቱና ኦሬንጅ ፋርም ገባን። በሩ ታሽጓል። ኤርጎጌ ደጃፉ ላይ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። ማየት አቅቶኝ ሸራውን ማጠፍ ጀመርኩ። ጋሽ አቢሶ ግን ደረታቸውን ነፍተው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

"ተመልከች፣ ጠብታ ውሃ አልነካውም!"

ተቀብላ አነበበችው። የረጠበው ያኔ ነው።