የጋሽ ዳዊት ሙዚየም

ሰውን ከቤት ማስወጣት እንዲህ እንደሚያደክም የነገረኝ የለም። እናንተም ካልሞከራችሁት አትሞክሩት።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዳዊት ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ፣ ንሳምብያ ሰፈር እኛ ቤት ሶፋው ላይ ተተክለው ቀሩ። "ወጥቼ ምን ላይ?" ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙንም ተዉት። ከሁሉ የተጉለት ነገር ብሬል ነው፤ እሱንም አስተማሪዋ ቤት ድረስ እየመጣችላቸው። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ባየቻቸው ቁጥር ታለቅሳለች። እኔስ? እኔማ ደክሞኛል።

ታዲያ አንድ ሙዚየም "ለሁሉም ክፍት ሆነናል" ሲል በሬዲዮ ሰማሁ። ብለምን፣ ብቆጣ እምቢ አሉኝ፤ በስንት መከራ ወሰድኳቸው።

አስጎብኚው ገና ሲያያቸው መጮህ ጀመረ። ጋሽ ዳዊት ወደ እኔ ዞረው፣ "የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አለ በለው" አሉኝ። መስማት ለተሳናቸውስ ምን አዘጋጃችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ምርጥ ማዳመጫ አስመጥተናል አይለኝም! ለሰው ሞት አነሰው።

የድሮ ከበሮዎች የተደረደሩበት ጋ ደረስን። መግለጫው በብሬል ተጽፏል ሲባሉ የጋሽ ዳዊት ፊት በራ። እጃቸውን ይዤ አስጠጋሁላቸው። ጣታቸው ተንሸራተተ። መስታወት! ብሬሉ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል። ምነው ብል፣ ሰው እየነካካ አበላሸብን አለኝ። ጋሽ ዳዊት መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱና፣ "ጥሩ ተወልውሏል። በል ወደ ሶፋዬ መልሰኝ" አሉ። አለቀልኝ! ከእንግዲህ እኚህን ሰው ከቤት የሚያወጣቸው ቃሬዛ ብቻ ነው አልኩ።

ስንመለስ የብረት ሠሪዎች ሰፈር ካትዌ ላይ ዝናብ ያዘንና አንዱ ብረት ሠሪ ዘንድ ተጠለልን። ሰውዬው "ሙዜ" ብሎ እንደ አባት አክብሮ፣ ምን ያቆምዎታል፣ ሥራዬን ይዩልኝ እንጂ ብሎ የከሰል ምድጃ እጃቸው ላይ አኖረ። እግሩን፣ እጀታውን፣ ብየዳውን ዳሰሱ። ቀጥሎ አበባ የተሠራበት የብረት በር። አትንኩ ያላቸው የለም። "ይቺ ቅጠል እንኳ ተጣማለች" ብለው ሲስቁ፣ ልዋሽ? እንባዬ መጣ።

ይህን ሁሉ ነካክቶ ባዶ እጅ መሄድ ግን ነውር ነው አሉ። ምድጃውን ገዝቼ፣ ታቅፌ ቦዳ ሞተር ላይ ወጣሁ።

አሁንማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ይጠብቁኛል። "ሙዚየም አንሄድም እንዴ?" ይሉኛል። ቤቱ ምድጃ በምድጃ ሆኖ ሶፋውን አውጥተነዋል። ከቤት አይወጡም ብላ ታለቅስ የነበረችው ባለቤቴ፣ አሁን ቤት አይገቡም ብላ ታለቅሳለች። እኔስ? እኔማ ደክሞኛል።