ስክሪኑ ላይ የቀረው ጥላ

ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ሠራተኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዲላ፣ እኛ ቢሮ፣ አቶ ታደሰ የሚባል አንድ አለ። እሱ እንኳ ከዘመኑ ጋር ሄዷል፤ ከኮቱ ሌላ ላፕቶፑንም ከፍቶ ነው የሚወጣው። ስክሪኑ ጥራቱ ለጉድ ነው። እዚያ ላይ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንደተዘረጋ ይውላል፤ እሱ ራሱ ደግሞ ገጠር፣ ዱመርሶ ወርዶ ቡናውን ሲያሰጣ ይውላል። ባለጉዳይ ሲመጣ መልሱ የእኔ ነው፦ «አሁን ወጣ፤ ኮቱም እዚሁ ነው።»

አንድ ቀን ኃላፊያችን ላፕቶፑን ለስብሰባ ወሰዱት። የትኛውንም ፎቶ ቢከፍቱ ከሥሩ «የሩብ ዓመት ሪፖርት» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ አልጠፋ አለ። ቫይረስ ነው ተባለ። የጥገና ባለሙያዋ መጥታ አየችውና፣ «አልተበላሸም። አንድ ገጽ ሳይነካ ብዙ ሲቆይበት ጥላው ይቀራል። አጥፍታችሁ አሳርፉት፣ ይለቃል» አለች። ሁላችንም ለስብሰባው ተጠርቶ ወደ መጣው አቶ ታደሰ ዞርን፤ እኔም ጭምር፣ እንደ ንጹሕ ሰው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ታደሰ ከወንበሩ አይነሳም። ስክሪኑም ጠርቷል።

ትናንት አንዲት እናት ከኢዲዶ መጡ። ለአንድ ፊርማ ሲመላለሱ ይህ አራተኛቸው ነው። አቶ ታደሰን በመልክ አያውቁትም፤ ከየት አይተውት?

«ልጄ፣ አቶ ታደሰ አሉ?»

ከወረቀቴ ቀና ሳልል «አሁን ወጣ፤ ኮቱም እዚሁ ነው» አልኳቸው።

«ተባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ቀና ስል አቶ ታደሰ ኮቱን እንደለበሰ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ሪፖርቱን ይጽፋል።